የጋራ ቃል የማን ነው? በቪዲዮ ጌሞች ስያሜ ላይ የሚነሡ የንግድ ምልክት ክርክሮች

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት አንድ ማመልከቻ መርምሮ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ይፋ እንዲወጣ ፈቀደ። አመልካቹ ኪንግ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ሲሆን፣ ሊያስመዘግብ የፈለገው ምልክት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ካንዲ»። ቃሉ በእንግሊዝኛ ከረሜላ ማለት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ያቀረበው «ካንዲ ክራሽ ሳጋ» የተሰኘ ጨዋታ በዚያን ጊዜ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ስለነበሩት፣ በዝናው ለመነገድ ተመሳሳይ ስም የሚያወጡ አስመሳዮች መብዛታቸው አያጠያይቅም። ይሁንና ማመልከቻው የጨዋታ ሶፍትዌርን ብቻ ሳይሆን አልባሳትን ጭምር የሚሸፍን ነበር። ዜናው እንደተሰማ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ አነስተኛ የጌም አልሚዎች አንድ ድርጅት ከረሜላ የሚለውን ቃል ለራሱ ሊያደርግ ነው በማለት ተቆጡ። ከእነርሱም መካከል «ካንዲ ጃም» ብለው በሰየሙት የበይነ መረብ ዝግጅት ላይ ተሰባስበው፣ ሆን ብለው «ካንዲ» እና «ሳጋ» የሚሉት ቃላት ያሉባቸውን ጨዋታዎች በመሥራት ተቃውሟቸውን የገለጹ ነበሩ።

ጉዳዩ የጨዋታ ሠሪዎች ብቻ አይደለም። ለስልክ መተግበሪያ፣ ለሱቅ ወይም ለምርት ስም የሚመርጥ ማንኛውም ሰው ዘወትር ከሚነገሩ ቃላት አንዱን ማንሣቱ አይቀርም። ስሙን አውጥቶ፣ ማስታወቂያ አሠርቶ፣ ደንበኛ ካፈራ በኋላ «ቃሉ የእኔ ነው» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰው ምን መብት አለው? ከማመልከቱ በፊትስ ምን ማወቅ ነበረበት? ላለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ያህል በቪዲዮ ጌሞች ስም ላይ የተነሡት ክርክሮች ለእነዚህ ጥያቄዎች ከመጻሕፍት ይልቅ የተሻለ መልስ ይሰጣሉ። ስለዚህም ዘርዘር አድርጎ መመልከቱ ተገቢ ነው።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። የንግድ ምልክት ምዝገባ የቃል ባለቤትነት አይሰጥም። ምልክቱ የሚያስገኘው መብት፣ ሌላ ነጋዴ ቃሉን ወይም ተመሳሳዩን በተመሳሳይ ወይም በተቀራራቢ ዕቃና አገልግሎት ላይ አድርጎ ገዢውን እንዳያደናግር የመከልከል መብት ነው። ለዚህም ሲባል አመልካቹ ምልክቱን በየትኞቹ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይ እንደሚጠቀምበት ለይቶ እንዲጽፍ ይገደዳል። አብዛኞቹ አገሮች ለዚህ የሚጠቀሙበት የኒስ ዓለም አቀፍ አመዳደብ በ45 መደቦች የተከፈለ ሲሆን፣ የጨዋታ ሶፍትዌር በመደብ 9፣ በበይነ መረብ የሚሰጥ የጨዋታ አገልግሎት በመደብ 41፣ አሻንጉሊትና የጨዋታ ዕቃ በመደብ 28፣ አልባሳት ደግሞ በመደብ 25 ይገኛሉ።

ሁለተኛው ነጥብ የመለየት ባሕርይ የሚባለው ነው። አንድ ቃል የንግድ ምልክት ለመሆን ሲሰማ አምራቹን ወይም አቅራቢውን ለይቶ ማስታወስ አለበት እንጂ የዕቃውን ዓይነት ብቻ የሚናገር መሆን የለበትም። ምሳሌ ለመስጠት ያህል፣ አንድ ወጣት የገበጣ ጨዋታን ለስልክ አዘጋጅቶ «ገበጣ» የሚለውን ቃል ብቻውን ላስመዝግብ ቢል፣ ቃሉ የጨዋታው የወል ስም በመሆኑ ማንም ሰው ሲሰማው የሚያስታውሰው ጨዋታውን እንጂ ወጣቱን አይደለም። ሌላው አልሚ የራሱን የገበጣ መተግበሪያ ሠርቶ በምን ስም ሊጠራው ነው? ያው ቃል ለጫማ ቢሆን ግን ስለ ጫማው የሚገልጸው ነገር ስለሌለ ምልክት ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። የፖም ፍሬን የሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል ለኮምፒዩተር ታላቅ ምልክት የሆነውና ለፍራፍሬ ነጋዴ ግን ሊሆን የማይችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቃሉ ተራ መሆን ወይም አለመሆን ብቻውን አይመዘንም፤ የሚመዘነው ቃሉ ከተቀመጠበት ዕቃ ጋር ያለው ዝምድና ነው።

ወደ ኪንግ ጉዳይ እንመለስ። ኩባንያው በዚያው ሰሞን በሌላ ቃል ላይም ክርክር አንሥቶ ነበር። ስቶይክ የተባለ፣ ከአንድ ትልቅ የጌም ድርጅት በወጡ ሦስት ባለሙያዎች የተቋቋመ አነስተኛ ስቱዲዮ፣ ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ «ዘ ባነር ሳጋ» የሚል ጨዋታ ሠርቶ ስሙን ለማስመዝገብ አመለከተ። ኪንግ ይህን ማመልከቻ ተቃወመ። «ሳጋ» በጥንታዊት ስካንዲናቪያ የጀግኖችና የነገሥታት ረጅም ትረካ የሚጠራበት ቃል ነው፤ የስቶይክ ጨዋታ ታሪክም በዚያው ዓለም አምሳል የተቀረጸ ስለሆነ ቃሉ በቦታው የገባ ነበር። ይልቁንስ ከረሜላ ማሰባጠርን ከሳጋ ጋር ያዛመደው ወገን ነበር ትንሽ ማብራሪያ የሚያስፈልገው።

ኪንግ ለተቃውሞው የሰጠው ምክንያት ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ስቶይክ ቃሉን እንዳይጠቀም ለማገድ እንደማይፈልግ፣ ጨዋታውም የእርሱን እንደማይመስል አምኖ፣ ነገር ግን ዛሬ አንዱን ዝም ብሎ ቢያልፍ ነገ እውነተኛ አስመሳይ ሲመጣ መብቱን ለማስከበር እንደሚቸገር ገለጸ። በብዙ አገሮች ሕግ መሠረት ምልክቱን የማይጠብቅ ባለመብት፣ ምልክቱ በሌሎች እጅ ሲዘወተርና የመለየት ኃይሉ ሲሳሳ መብቱ ሊዳከምበት ይችላል። ስለዚህ የኩባንያ ጠበቆች ጉዳት ባይታያቸውም እንኳ ይቃወማሉ። ሕጉ ለጥንቃቄ ያዘዘውን ነገር ትልቁ ድርጅት እንደ ተራ ሥራ ሲፈጽመው፣ ደብዳቤው የሚደርሰው ሦስት ሰው ያለው ስቱዲዮ ግን እንደ ሞት ማስጠንቀቂያ ያነበዋል። ለአንዱ የወር ወጪ የሆነው የጠበቃ ክፍያ ለሌላው የጨዋታው ሙሉ በጀት ነው።

ሦስተኛው የኪንግ ክርክር ከሁሉም የሚያስተምር ነው። አንድ የአሜሪካ አልሚ «ካንዲ ስዋይፕ» የሚል ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ማለትም ካንዲ ክራሽ ሳጋ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አውጥቶ ስሙንም አስመዝግቦ ነበር። ኪንግ የራሱን ጨዋታ ስም ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ ይህ አልሚ ቀዳሚ ነኝ ብሎ ተቃወመ። ኪንግ ታዲያ ምን አደረገ? ከሁለቱም ጨዋታዎች የሚቀድመውን «ካንዲ ክራሸር» የሚባል የሌላ ድርጅት ምልክት ገዝቶ፣ በገዛው ቀዳሚነት ላይ ቆሞ የአልሚው ምዝገባ እንዲሰረዝ ጠየቀ። በአሜሪካ ሕግ መብት በዋናነት የሚመነጨው ቀድሞ በገበያ ከመጠቀም በመሆኑና ያም መብት ከምልክቱ ጋር ሊሸጥ ስለሚችል፣ ቀዳሚነትን በገንዘብ መግዛት ይቻላል። ኪንግ በፌብሩዋሪ 2014 «ካንዲ» በሚለው ብቸኛ ቃል ላይ በአሜሪካ ያቀረበውን ማመልከቻ ሲተውም ምክንያቱ የሕዝብ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ የገዛው ምልክት የተሻለ መከላከያ እንደሚሰጠው ኩባንያው ራሱ ገልጿል። ከስቶይክም ሆነ ከካንዲ ስዋይፕ ባለቤት ጋር የነበሩት ክርክሮች በኤፕሪል 2014 በስምምነት ተቋጩ። ሁለቱም ጨዋታዎች ስማቸውን ይዘው ቀጠሉ።

በስምምነት መቋጨታቸው መልካም ዜና መስሎ ይታያል። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባው፣ «ከረሜላ» ለጨዋታ የንግድ ምልክት ሊሆን ይችላልን የሚለውን መሠረታዊ ጥያቄ በአሜሪካ ማንም ዳኛ ሳይመልሰው መቅረቱን ነው። በዚህ ዘርፍ የሚነሡ ክርክሮች አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ናቸው፤ ሕጉ ከመናገሩ በፊት የአንደኛው ወገን አቅም ያልቃል።

ከዚህ በፊት በስዊድን የታየው ጉዳይም ፍጻሜው ተመሳሳይ ነው። «ማይንክራፍት» በተባለው ጨዋታ የታወቀው ሞያንግ እ.ኤ.አ. በ2011 «ስክሮልስ» የሚል፣ በአማርኛ «ጥቅልል ብራናዎች» ልንለው የምንችል የካርታ ጨዋታ ሊያወጣ መሆኑን አስታወቀ፤ ስሙን ለማስመዝገብም አመለከተ። የ«ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ተከታታይ ጨዋታዎች ባለቤት የሆነው የቤቴስዳ እናት ኩባንያ ዜኒማክስ በስዊድን ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ኤልደር ስክሮልስ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የታወቀ ስም ቢሆንም፣ ከሦስት ቃላት አንዱን ብቻ ነጥሎ መያዝ ይቻላልን የሚለው ነበር ጥያቄው። የሞያንግ መሥራች ማርኩስ ፔርሶን ነገሩን በቀልድ ወስዶ፣ ክርክሩ «ኩዌክ 3» በተባለ የተኩስ ጨዋታ ውድድር እንዲፈታ ሐሳብ አቀረበ፤ ተቀባይ ግን አላገኘም። በኦክቶበር 2011 ፍርድ ቤቱ ስሙ በጊዜያዊነት እንዲታገድ የቀረበውን ጥያቄ ሳይቀበል ቀረ። ሞያንግ ማሸነፉን የሚያመለክት ነበር ማለት ይቻላል። ቢሆንም በማርች 2012 ሁለቱ ወገኖች ታረቁ፤ ሞያንግ «ስክሮልስ» በሚለው ስም ጨዋታውን ለመሸጥ ፈቃድ ሲያገኝ ስሙን በራሱ ለማስመዝገብ የነበረውን ሐሳብ ተወ፣ ከኤልደር ስክሮልስ ጋር የሚፎካከር ጨዋታም በዚያ ስም ላለመሥራት ተስማማ። ማይንክራፍትን የመሰለ የገቢ ምንጭ ያለው ድርጅት፣ ፍርድ ቤቱም ወደ እርሱ አዘንብሎ ሳለ፣ በራሱ ስም ላይ ፈቃድ ተቀባይ ሆኖ መውጣቱ የክርክሩን ክብደት ያሳያል። ገንዘብ ያልነበራቸው የ«ፕሬይ ፎር ዘ ጎድስ» ጨዋታ ሠሪዎች ደግሞ «ፕሬይ» በሚለው ቃል ላይ ከዚሁ ኩባንያ ተቃውሞ ሲመጣባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በቃሉ ውስጥ አንድ ፊደል ጨምረው ተገላገሉ።

ሰነድ ይዞ ሌላውን የማስፈራራት ልማድ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል የሚያሳየው የ«ኤጅ» ጉዳይ ነው። ኤጅ ማለት ጠርዝ ማለት ነው። ኤጅ ጌምስ የተባለ ድርጅት በዚህ ቃል ላይ በነበረው ምዝገባ ተመርኩዞ ለዓመታት ልዩ ልዩ የጌም አሳታሚዎችን ሲጠይቅ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሞቢጌም የተባለ የፈረንሳይ አነስተኛ ስቱዲዮ የሠራው «ኤጅ» የተሰኘ ጨዋታ ከአፕል የመተግበሪያ መደብር ተነሣ። ይህን ያደረገው ፍርድ ቤት አልነበረም፤ አቤቱታ የደረሰው መደብር ነበር። ድርጅቱ ኋላ ላይ «ሚረርስ ኤጅ» የሚል ጨዋታ ያለውን ግዙፉን ኤሌክትሮኒክ አርትስን ሲከስስ ግን አቅም ያለው ተከራካሪ ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ2010 የካሊፎርኒያ ፌዴራል ዳኛ የእግድ ጥያቄውን ውድቅ ሲያደርጉ፣ ለምዝገባው በቀረቡት ማስረጃዎች እውነተኛነት ላይ ያላቸውን ብርቱ ጥርጣሬ በጽሑፍ አሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝ ፍርድ ቤትም «ኤጅ» የተባለውን መጽሔት በሚያሳትመው ድርጅት ተሸነፈ፤ የአሜሪካ ምዝገባዎቹም በኋላ ተሰረዙ። ትንሹ ስቱዲዮ ያጣው የሽያጭ ወቅት ግን በፍርድ አይመለስም።

«ስካይ» የሚለው ቃል፣ ማለትም ሰማይ፣ የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ነው። ስካይ የእንግሊዝ የቴሌቪዥንና የቴሌኮም ድርጅት ነው። በስሙ ላይ ያለውን መብት ለማስከበር ወደ ኋላ የሚል አይደለም፤ ማይክሮሶፍትን ጭምር ከስሶ እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለረታ፣ ማይክሮሶፍት «ስካይድራይቭ» ይለው የነበረውን የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት «ዋንድራይቭ» ብሎ ለመሰየም ተገድዷል። ሄሎ ጌምስ የተባለው ጥቂት ሠራተኞች ያሉት የእንግሊዝ ስቱዲዮ «ኖ ማንስ ስካይ» የሚል ጨዋታ ሲያዘጋጅም ድርጅቱ ተቃወመ። ጨዋታው ከከዋክብት ወደ ከዋክብት የሚበረርበት በመሆኑ ሰማይ ከሚለው የበለጠ የሚስማማው ቃል ለማግኘት ያስቸግራል። ክርክሩ ሦስት ዓመት ያህል በምስጢር ከተካሄደ በኋላ በስምምነት መፈታቱን የስቱዲዮው ኃላፊ ሾን መሬ ጨዋታው ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በጁን 2016 ይፋ አደረጉ።

ሄሎ ጌምስ ያልጠየቀውን ጥያቄ ግን ስካይኪክ የተባለ የአሜሪካ የሶፍትዌር ኩባንያ ጠየቀ። ስካይ በስሙ ተከራክሮ ሲከስሰው ስካይኪክ የሰጠው መልስ በቀጥታ ምዝገባውን የሚነካ ነበር፤ «የስካይ ምዝገባ የሚሸፍነው የዕቃና የአገልግሎት ዝርዝር እጅግ የሰፋ ነው፤ ድርጅቱ ሊነግድባቸው ከቶ ያላሰባቸው ነገሮች በውስጡ አሉ» የሚል። ዝርዝሩን ላየ ሰው መልሱ እውነት ነበረው። የቴሌቪዥን ድርጅት ለጨርቅ ማንጫ ኬሚካልና ለአለንጋ ምልክት አስመዝግቦ ምን ሊያደርግበት ነው? ክርክሩ ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ እንግሊዝ ከተጓዘ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2024 ውሳኔ ሰጠ። አንድ አመልካች በማይነግድባቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይ፣ ሌሎችን ለማስፈራሪያ ይሆነኝ ብሎ ሰፊ ዝርዝር ማስመዝገቡ ቅን ልቦና የጎደለው ማመልከቻ ሊያሰኘው እንደሚችልና ምዝገባው በዚያው መጠን ሊሰረዝ እንደሚችል ፍርድ ቤቱ ወሰነ።

የዚህ ውሳኔ ፋይዳ ለቪዲዮ ጌም ዘርፍ ከፍ ያለ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ክርክሩ ሁሉ «ቃሉ ተራ ነው ወይስ አይደለም» በሚለው ላይ ይሽከረከር ነበር። በእኛ እይታ ዋናው ችግር የቃሉ ተራነት ሳይሆን የጥያቄው ስፋት ነው። «ሰማይ» ለቴሌቪዥን ስርጭት ምልክት ቢሆን ማንንም አይጎዳም። በአንድ ማመልከቻ ከቴሌቪዥን እስከ ሶፍትዌር፣ ከሶፍትዌር እስከ አለንጋ ሲዘረጋ ግን ከመዝገብ ወጥቶ አጥር ይሆናል። ይህን አጥር በቅድሚያ ማጥበብ የሚችለው ደግሞ ተከሳሹ ሳይሆን ማመልከቻውን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ነው። በምርመራ ጊዜ ያልተጠየቀ ጥያቄ በኋላ በፍርድ ቤት ሲነሣ ዓመታትንና ብዙ ገንዘብን ይጠይቃል፤ ስካይኪክ ያንን መክፈል ቻለ እንጂ አብዛኛው አልሚ አይችልም።

ኢትዮጵያ በእንዲህ ዓይነቱ ክርክር ውስጥ ያለፈችው በጨዋታ ሳይሆን በቡና ነው፤ የቆመችውም በተቃዋሚው ወገን ሳይሆን ቃሉን በሚጠይቀው ወገን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት «ይርጋጨፌ»፣ «ሐረር» እና «ሲዳሞ» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ የምዝገባ ጽሕፈት ቤቱም ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በሚል ምክንያት መጀመሪያ ላይ አልተቀበላቸውም። ስታርባክስም ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ የራሱን ማመልከቻ ቀደም ብሎ አቅርቦ ነበር። ከብዙ ውዝግብ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር የፈቃድ ስምምነት ተፈረመ፤ ስሞቹም ተመዘገቡ። አንድን ቃል «የሁሉም ነው» ማለት ሁልጊዜ ለደካማው ወገን እንደማይጠቅም ይህ ታሪክ ያስታውሰናል። በሌላ በኩል፣ መንግሥት የጠየቀው ለቡና ብቻ እንደነበረና ቡናውም ከእነዚያ አካባቢዎች የሚመጣ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ማንም ሰው «ሲዳሞ» የሚል ጨዋታ ቢሠራ በዚህ ምዝገባ አይከለከልም።

የአገራችን ሕግ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ስለ ንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ በወጣው አዋጅ ቁጥር 501/1998 እና በማስፈጸሚያው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 273/2005 ነው። አዋጁ የዕቃውን ወይም የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ጥራት፣ ብዛት፣ ጥቅም ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚገልጹ ምልክቶችን እንዲሁም በንግድ ልማድ የተለመዱ ቃላትን አይመዘግብም። ከላይ የተጠቀሰው የ«ገበጣ» ማመልከቻ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ በእኛ ሕግ የምልክት ባለቤትነት በሦስተኛ ወገኖች ላይ የሚጸናው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ነው። በአሜሪካ እንደሚደረገው ቀድሞ መጠቀምን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ እዚህ አያዋጣም፤ ለዓመታት የሠሩበትን ስም ሌላው ቀድሞ ሊያስመዘግበው ይችላልና።

ስለዚህ ስም ሊያወጣ ያሰበ ዜጋ ማስታወቂያ ከማሠራቱ አስቀድሞ ስሙ ወይም ተመሳሳዩ ተመዝግቦ እንደሆነ ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማጣራት ይኖርበታል። የንግድ ስም መዝገብ ውስጥ መግባትና የንግድ ምልክት ማስመዝገብ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም፤ በንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረ ስም በራሱ የንግድ ምልክት ጥበቃ አያስገኝም። ጨዋታው ወይም መተግበሪያው በአፕል ወይም በጉግል መደብር የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ የአገር ውስጥ ማጣራት ብቻውን አይበቃም። የንግድ ምልክት መብት በየአገሩ የተወሰነ ቢሆንም፣ መደብሮቹ ምርቱን ለዓለም ሁሉ ስለሚያቀርቡ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ባለመብት አቤቱታ አዲስ አበባ የተሠራውንም ጨዋታ ሊያስነሣ ይችላል። የእነዚህ አገሮች የምልክት መዛግብት በበይነ መረብ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ የአንድ ቀን ፍለጋ የአንድ ዓመት ክርክር ሊያስቀር ይችላል።

የተለመደ ቃል መጠቀም ግድ ከሆነ ከሌላ ቃል ጋር ማጣመር ወይም በልዩ ሥዕላዊ ቅርጽ ማቅረብ የመመዝገብ ዕድልን ያሰፋል። ይህን ያደረገ አመልካች ግን ጥበቃ የሚያገኘው በጥምሩ ላይ እንጂ በተራው ቃል ላይ እንዳልሆነ ተረድቶ መሆን አለበት። የዕቃና የአገልግሎት ዝርዝሩንም በእርግጥ በሚሠራበት ሥራ ልክ መጻፍ ይበጃል። «ለወደፊት ይሆነኛል» ተብሎ የተጨመረ መደብ ክፍያ ያስጨምራል፣ ካላስፈላጊ ተቃዋሚ ጋር ያጋጫል፣ ሳይሠራበት ከቆየም ሊሰረዝ ይችላል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማንበብ አለበት። ላኪው የተቃወመው ስሙን መጠቀምን ነው ወይስ ስሙን ማስመዝገብን? ልዩነቱ ብዙ ነው። የስዊድኑ ሄዝላይት ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2021 «ኢት ቴክስ ቱ» የሚል ጨዋታ አውጥቶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸልሟል። ቴክ-ቱ የተባለው አሳታሚ ስሙ ከእኔ ጋር ይመሳሰላል ብሎ በመቃወሙ ስቱዲዮው የምልክት ማመልከቻውን ተወው፤ ጨዋታው ግን እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይሸጣል። ስቱዲዮው የተወው ሌሎችን በዚያ ስም ከመጠቀም የመከልከል መብትን እንጂ ስሙን አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ይህ ሊከፈል የሚገባው ዋጋ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ በተለይ ምርቱ በአልባሳትና በአሻንጉሊት የሚስፋፋ ከሆነ፣ ብዙ ነገር መተው ነው።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ነገር የላኪው ምዝገባ በየትኛው አገርና በየትኛው መደብ እንደሆነ ነው። ደብዳቤው የምዝገባ ቁጥር ካልጠቀሰ ቁጥሩን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከጠቀሰም ቁጥሩን በመዝገቡ ላይ አመሳክሮ፣ ምዝገባው የጸና መሆኑንና የእርስዎን ሥራ የሚነካ መሆኑን ማየት ይገባል። ደብዳቤውን ችላ ማለትና በድንጋጤ ስምን መለወጥ ሁለቱም አይመከሩም። የማመልከቻ ተቃውሞ ሲቀርብ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ፣ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መመዝገብና ፖስታውን ወይም የኢሜይል መልእክቱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ስሙን በገበያ ላይ መጠቀም የተጀመረበትን ቀን የሚያሳዩ ደረሰኞች፣ ማስታወቂያዎችና በመደብሩ ላይ የሰፈሩ የመጀመሪያ ገጾች ቅጂም አብረው ይቀመጡ።

በኢትዮጵያ የተሰጠ የንግድ ምልክት ምዝገባ ለሰባት ዓመታት የጸና ሲሆን፣ ጊዜው ሲያበቃ ክፍያው ተፈጽሞ ለተመሳሳይ ጊዜ ይታደሳል።